የሁለት ፓውንድ ተኩል ዋስ

የጳውሎስን መርከብ ያንገላታ ነፋስ ዛሬም በሚነፍስበት፣
በቀርጤስ ዳርቻ አንድ ሆቴል አለ፣ እኔ ሌሊት የምሠራበት።
ስሜ ፎቲኒ ነው፤ ቁልፍ እሰጣለሁ፣ ቁልፍ እቀበላለሁ፤
ማን ሰክሮ እንደገባ፣ ማን ተጣልቶ እንደወጣ፣ ዝም ብዬ አውቃለሁ።

መስከረም አጋማሽ ነበር፤ ሙቀቱ ሲሰክን፣
ስልኩ ጮኸ በውድቅት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን።
“ወርቃማው ሸራ ከሰረ” አለኝ አንድ ድምፅ ከአቴና፤
“ቢሮው ተዘግቷል፤ ከእንግዲህ ስልክ የሚያነሳ የለም” አለና
ዘጋው።

ዞሬ የቁልፍ ሰሌዳውን አየሁ።
ባዶ መንጠቆ ማለት ሰው የተኛበት ክፍል ነው።
ቆጠርኩ። የሸራ እንግዶች ብቻ ዘጠና ሁለት።
ሁሉም ተኝተዋል፤ ከፍለው እንደተኙ እያሰቡ፣
ነገ በባሕሩ፣ ከነገ ወዲያ በቤታቸው ሊነጋላቸው።

ሲነጋ አለቃዬ ስታማቲስ መጣ፣ ጸጉሩን ሳያበጥር፤
ድርጅቱ ያልከፈለው የሦስት ወር ነው ሲቆጠር።
“በሩን ቆልፊ” አለኝ። “አንድም ሻንጣ ከዚህ አይወጣም፤
የበላ ይክፈል፣ የተኛ ይክፈል፤ እኔ የማንንም ዕዳ አልወጣም።”
ቆለፍኩ።
የእኔ እጅ ነው የቆለፈው። ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ሰዉ በመዋኛው ዳር ተሰበሰበ፣ በፒጃማ፣ በነጠላ ጫማ፤
አንዷ ታለቅሳለች፣ አንዱ ኤምባሲ ይደውላል፣ ማንም ማንንም አይሰማ፤
አንድ ሕፃን ብቻ ይዋኛል።

ከሁለት መቶ አሥራ አራት ኦስዋልድ ወረደ፣ ከሚስቱ ከሙሪየል ጋራ፤
የግሪምስቢ ሰው ነው፤ ዕድሜውን የፈጀ ሚዛን ሲያነሳ በዓሣ ተራ።
ከልብ መድኃኒቱ ጋር በአንድ ከረጢት ያኖራትን
ፕላስቲክ የለበሰች ወረቀት አወጣ፤ በጣቱ አሳየኝ ማኅተሟን።
“ስንመዘገብ” አለ፣ “በነፍስ ወከፍ ሁለት ፓውንድ ተኩል ጨመሩብን፤
ልጅቷ ‘እኛ ብንወድቅ ቤታችሁ የሚያደርሳችሁ ዋስ ነው’ አለችን፤
ተጨቃጨቅኩ። ‘ደግሞ የት ትወድቃላችሁ?’ ብዬ ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀችልን።”

አነበብኩ፣ በእንግሊዝኛዬ እየተንገዳገድኩ፤
“ገንዘቡ በአደራ ተቀምጧል” የሚል ቃል አገኘሁ፤ ደገምኩ።
አደራ።
እኛ ሰፈር አደራ ማለት እናት ልጇን ለጎረቤት ትታ ስትሄድ ነው፤
ለካ ሕግም ይሆናል፤ ነጋዴ ተቀምጦበት የማይነካው፣
ሲርበውም የማይበላው።

ማምሻውን ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ሴት መጣች፣ የስም ዝርዝር ይዛ፣
ከሆቴል ሆቴል ስትሮጥ ውላ፣ ከድካም ብዛት ደንዝዛ።
“የዛሬንም የነገንም ሌሊት እኛ እንከፍላለን፤ በሩን ክፈቱ” አለች፤
“የሦስት ወሩስ?” አለ ስታማቲስ። “እሱ እኛን አይመለከተንም” አለች።
ቀስ ብላ ነው ያለችው። ክፋት አልነበረባትም።
ወረቀቷ የተኛውን እንጂ አልጋውን ያነጠፈውን አታውቅም።

ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይሉ የለ?
የኦስዋልድ ገንዘብ አልቆ ነበር፤ መንገዱ ግን አለ፤
የማያውቃቸው ብዙ ሺህ ሰዎች፣ እንደ እሱ እያጉረመረሙ፣
ሁለት ሁለት ፓውንድ ጥለውለት፣ ሳይተዋወቁ በአንድ ዕድር የታደሙ።

ሙሪየል ስትወጣ እጄን ያዘች። “አንቺንስ ማን ይከፍልሻል?” አለች።
ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። መልሴን ሳትሰማ ወጣች።
መልስም አልነበረኝ።

ሆቴሉ በጥቅምት ተዘጋ። የነሐሴ ደመወዜን አላገኘሁም፤
ልብስ አጣቢዋ ካሊዮፒም፣ ሐብሐብ የሚያመጣልን ማኖሊስም።
ቢጫ ለብሶ ስማችንን የጠራ አልመጣም።

አሁን ባዶውን ቤት እጠብቃለሁ፤ መንጠቆው ሁሉ ቁልፍ ሞልቶ፣
ከሁለት መቶ አሥራ አራት በቀር፤ ኦስዋልድ ይዞት ሄዷል፣ ከኪሱ ረስቶ።
ነፋሱ ሲመጣ ቁልፎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ።
እኔም እንደ ልማዴ ሰሌዳውን ዞሬ አያለሁ፤
“አንድ እንግዳ ተኝቷል” እላለሁ።